እፉኝቷ የወለደችበት ዓመት

ባለፈው ግንቦት ለጓደኛዬ ልጅ ሰርግ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ሰርጉ ባለቀ ማግስት ብቻዬን የአባይን ድልድይ በእግሬ ተሻገርሁ። ከድልድዩ ማዶ ያለው ኮረብታ ግማሹ ቤት ተሠርቶበታል፤ ግማሹ ግን እንደ ድሮው ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው፤ በመካከሉ ነጭ እስኪመስል የደረቀ ሣር። ጠዋት ካፊያ ጥሎ ስለነበር ከሣሩ ሥር አንድ የማውቀው ሽታ ተነሣ፤ የራሰ አቧራ፣ የደረቀ ሥር፣ ትንሽ መረር የሚል ነገር። ሳላስበው ቀስ ብዬ፣ እግሬን ከማሳረፌ በፊት ከድንጋዮቹ ሥር እያየሁ መራመድ ጀመርሁ። ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ተራምጄ አላውቅም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጊዜው የደርግ ነው። እናትና አባቴ ለፋብሪካ ሥራ ከናዝሬት የመጡ ስለነበሩ ባሕር ዳር ውስጥ ዘመድ አልነበረንም። አባቴ መካኒክ ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ከሌሎች ወንዶች ጋር በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ዘመተ። ለእኔ ግን «መለዋወጫ ሊያመጣ ሄዷል» ተባልሁ። እውነቱን የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ፣ ኅብረት ሱቅ ስኳር ልንወስድ ተሰልፈን ሳለ አንዲት ሴት እናቴን «ከዘመቻው ደብዳቤ መጣልሽ?» ብላ ስትጠይቃት ነው። እናቴ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ወደ መሬት አየች። ትልልቅ ሰዎች ከባዱን ነገር ከልጅ እንደሚደብቁ የገባኝ ያን ቀን ነው። በኋላ ላደረግሁት ነገር ይሄ አንዱ ምክንያት ይመስለኛል።

አባቴ ሲሄድ እናቴ አርግዛ ነበር። ፈትል ክፍል ትሠራለች፤ ወደ ቤት ስትመለስ ፀጉሯና ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሮ በአንድ ቀን ያረጀች ትመስላለች። እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት እውላለሁ። ከሰዓት በኋላ የምትተወኝ ቦታ ስላልነበራት የኔታ ዘንድ ወስዳ ሰጠችኝ።

የኔታ ከሐይቁ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ልጆች ሰብስበው ፊደልና ንባብ ያስተምሩ ነበር። አጭርና ደቃቃ ሰው ናቸው። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀኙም ብርሃንና ጥላ ከመለየት ብዙ አያልፍም። እኛን የሚለዩን በድምፃችን ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መሬት በአዋጅ ከተወሰደ ወዲህ የሚኖሩት ወላጆች በሚልኩላቸው ሽሮና ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርት በሚከፍላቸው አበል ነበር። ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሲሄዱ በትራቸውን ይዤ የምመራቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ «ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ ይላሉ። የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጺማም ሽማግሎች ናቸው፣ የኔታ።»

«ስንት ናቸው?»

«ሦስት።» እኔ ሐዋርያት ናቸው ብዬ ነበር የማምነው።

«ጥምጣም አላቸው?»

«የላቸውም። ባዶ ራሳቸውን ናቸው።»

«እንግዲያ የእኛ ሰዎች አይደሉም» አሉና ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ።

እንዲህ ዓይናቸው ሆኜ ስለምውል የኔታ የሚሉትን ሁሉ አምናለሁ። ስናጠፋ፣ ወይም ሐይቁን አቋርጦ የሚመጣ ጀልባ ለማየት ከንባባችን ስንነሣ፣ «እናንተ የእፉኝት ልጆች» ይሉናል። የካቲት ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ የእፉኝት ልጆች ምን ያደርጋሉ?»

ልጆቹ ሳቁ። የኔታ አልሳቁም፤ ጥያቄ ይወዳሉ። «መጽሐፉ እንደሚለው፣ እፉኝት እንደ ሌላው እባብ እንቁላል አትጥልም» አሉ። «ልጆቿን በሆዷ ትሸከማለች። ቀናቸው ሲደርስ ልጆቹ መንገድ አይጠብቁም፤ የእናታቸውን ጎን ከውስጥ እየበሉ ቀደው ይወጣሉ። እሷ እዚያው ትሞታለች። እነሱ ዞር ብለው አያይዋትም። ለወላጁ የማይታዘዝ ልጅ በእፉኝት ልጅ የሚመሰለው ለዚህ ነው።»

ሌሎቹ ልጆች ከዚህ ውስጥ ምክሩን ሰሙ። እኔ የሰማሁት ስለ ሆዱ ብቻ ነው።

ያን ቀን እናቴ ከፋብሪካ መጥታ አልጋው ላይ ጋደም አለች። ቀሚሷ ሥር ሆዷ ከፍ ብሎ ወደ አንድ ጎን ሄደ፤ በዓይኔ አየሁት። እናቴ ጎኗን ይዛ ሳቀች።

«ይሄ ልጅ ሆዴን ቀዶ ሊወጣ ነው» አለች።

«ያምሻል?»

«ሲራገጥ አንዳንዴ ያመኛል። ነይ፣ እጅሽን አምጪና ንኪው።»

እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ። እናቴ እንደምታውቅ ገባኝ። እንደ አባቴ መሄድ ሁሉ ይህንንም ከእኔ ደብቀውታል ማለት ነው። ምንም አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ የሚሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ፣ ስትጎነበስም፣ ውኃ ስትቀዳም፣ ጎኗን ብቻ አያለሁ።

ጎረቤታችን እትየ ጥሩ አዋላጅ ናት። አንዲት ላም አለቻት፤ በበጋ ሣር ልታጭድ ወደ ኮረብታው ስትሄድ ነዶዋን እንድሸከምላት ትወስደኛለች። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች እንደ ደረቀ ቃሪያ ተጨማደው ወደ መዳፏ ታጥፈዋል። በመጋቢት አንድ ቀን ማጭዷን አንሥታ እንደቆመች ቀረች።

«ባለሽበት ቁሚ» አለችኝ።

መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ድንጋይ፣ ሣር፣ የወደቀ ጭራሮ። ከዚያ ከጭራሮው አንዱ ዓይን እንዳለው አየሁ። ከክንዴ አትበልጥም፤ አጭር ወፍራም ነገር፣ ቀለሟ የአፈሩ፣ ጀርባዋ ላይ ደግሞ የሣር ጥላ የመሰለ ዝንጉርጉር።

«እፉኝት ናት» አለች እትየ ጥሩ፣ ወደ ኋላ እየጎተተችኝ። «ትልቁ እባብ ሰው ሲሰማ ይሸሻል። ይቺ አትሸሽም። ትንሽ ስለሆነች ሰው አያያትም፤ እሷም ቦታዋን አትለቅም። እኔም አንቺን ሳክል እንዲሁ ሣር እያጨድሁ ነው።» የደረቁትን ጣቶቿን አሳየችኝ። «ግራ ስለሆነ ነው እንጂ ቀኙን ነክሳኝ ቢሆን ኖሮ ይኸን ሁሉ ሰው አላዋልድም ነበር።»

«ሆዷ ውስጥ ልጅ አለ?» አልኋት።

«እኔ ምኑን አውቄ» አለች።

እንግዲህ እናቴን የምታዋልደው ይቺ እፉኝት የነካቻት ሴት ናት። ይህም ጭንቀቴን አባሰው።

ከፋሲካ በኋላ እትየ ጥሩ ቤት እሳት ዳር ቁጭ ብዬ ሳለ አንዲት ወጣት ሴት መጥታ ኮሶ ልትጠጣ እንደሆነ ነገረቻት። እትየ ጥሩ ሆዷን አየችና «ሦስተኛ ወርሽ አይደለም እንዴ? ወዲያ፣ ኮሶ ያስወርድሻል» አለቻት።

«ማስወረድ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የትልቅ ሰው ወሬ ነው። ውጪ።»

ወጣሁ። ደጅ ቆሜ ቃሉን ለብቻዬ አሰብሁት። ዛፍ ላይ የወጣች ድመት ትወርዳለች። ቆጥ ላይ ያለ ዕቃ ይወርዳል። ማንም ሳይጎዳ ከላይ ያለው ወደ ታች ይመጣል ማለት ነው። ልጁ ሳያድግ፣ መቅደድ የሚችልበት ጉልበት ሳያገኝ ከወረደ እናቴ ትተርፋለች፤ እሱንም እኔ በጨርቅ ጠቅልዬ አሳድገዋለሁ። እናቴ የምትድንበትን መንገድ ከእትየ ጥሩ ጣሪያ ሥር፣ የኮሶ ዛላ ሆኖ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ሌላ ቀን ማንም ሳያየኝ ከዛላው እፍኝ ሙሉ ዘነጠፍሁ።

እናቴ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስትገባ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው ቅራሪ ነው። በድንጋይ የደቆስሁትን ኮሶ ጣሳው ውስጥ ጨምሬ በጣቴ አማሰልሁና ሰጠኋት። ውኃ ጥም ይዟት ስለነበር ሁለት ጊዜ በትልቁ ጎነጨች። ከዚያ ጣሳውን ከአፏ አራቀች።

«ሰብለ፣ ምን ጨምረሽበት ነው?»

«ኮሶ።»

ጣሳው ከእጇ ወደቀ። ደጅ ወጥታ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትታ አስመለሰች። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን አልመታችኝም። ተንበርክካ ሁለቱን ትከሻዬን ያዘች።

«ማነው አድርጊ ያለሽ? ማን ላከሽ?»

«ማንም አላለኝም። ሳያድግ እንዲወርድልሽ ነው። ካደገ ጎንሽን በልቶ ይወጣል፤ አንቺ ትሞቻለሽ። የኔታ ነግረውናል።»

እናቴ አየችኝ። ያን ፊት አሁንም አልረሳሁትም፤ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። «እትየ ጥሩን ጥሪልኝ» አለች ቀስ ብላ።

ያን ቀንና በማግስቱ እናቴ ሆዷን እየቆረጣት ተኛች። እትየ ጥሩ ጎኗ ተቀምጣ ደህናውን መዳፏን ከሆዷ ላይ ሳታነሣ ዋለች። እኔን ማንም አላባረረኝም። ግድግዳውን ተደግፌ ደጅ ተቀመጥሁ። እናቴ ስታቃስት በሰማሁ ቁጥር መቅደድ የጀመረ ይመስለኛል። እናቴ ሕመሙ ፋታ ሲሰጣት ትጠራኝና «ሰው እንደ እባብ አይወልድም። አንቺን ስወልድ ምን ሆንኩ?» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። አላመንኋትም። የአባቴንም ነገር እንዲሁ ፈገግ ብላ ነበር የነገረችኝ።

በሦስተኛው ቀን ቁርጠቱ ተወ። እትየ ጥሩ ወጥታ ነጠላዋን እያስተካከለች «እየተራገጠ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው» አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ በቀጥታ ወደ ሾላው ወሰደችኝ።

«የኔታ፣ ልጆቹን ያሰናብቱልኝ» አለች። ልጆቹ ሲሄዱ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ቃል አልጨመረችም፣ አላለሳለሰችም። የኔታ እየሰሙ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ስትጨርስ በትራቸውን ፈልገው ተነሡና «ምሪኝ» አሉኝ።

ቤታችን ደጃፍ ሲደርሱ ቆሙ። እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ «ይግቡ የኔታ» አለች።

«አልገባም፣ ልጄ። ልጅሽን ያስፈራሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ልል ነው የመጣሁ።»

«አውቀው አላደረጉት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እፉኝት ስትወልድ በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም» አሉ የኔታ። «ዓይኔ ደህና በነበረበት ጊዜም አላየሁም። መምህሬ ያስተማሩኝን ነው ያስተማርሁ። እሳቸውም ያዩ አይመስለኝም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሰብለ፣ ያልሁሽ ስለ ሰው አይደለም።»

«አታምንዎትም» አለች እናቴ። «እኔ ለምኜዎት የተናገሩ ይመስላታል። እኔን ከነጭራሹ ማመን ትታለች።»

እውነቷን ነበር። እናቴ ይህን ያህል ታውቅ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ አፈርሁ።

የኔታ ወደ እትየ ጥሩ ድምፅ ዞረው «አንቺ እፉኝት ታውቂያለሽ?» አሏት። እትየ ጥሩ ግራ እጇን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች። የኔታ የደረቁትን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«እሷም ታውቀኛለች» አለች እትየ ጥሩ።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እፉኝት ይዘን ስትወልድ በዓይናችን ለማየት፣ የኔታ፣ እትየ ጥሩና እኔ ድልድዩን ተሻገርን። እናቴ የፈቀደችው ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ እንዳልወርድ እኔንም እነሱንም ካስማለችን በኋላ ነው። የኔታ ረጅም ባላ እንጨት ይዘዋል፤ እትየ ጥሩ ክዳን ያለው የዘይት ቆርቆሮ። እትየ ጥሩ «ቦታዋን አትለቅም» ያለችው እውነት ሆነ፤ ያችኑ ወይም እሷን የምትመስል ሌላ ከዚያው የድንጋይ ክምር አጠገብ አየሁና ከላይ ሆኜ አሳየኋቸው።

«ባላውን ይስጡኝ» አለች እትየ ጥሩ።

«አንቺ ትፈሪያለሽ» አሉ የኔታ።

«እፈራለሁ። እርስዎ ደግሞ አያዩም። ይስጡኝ።»

ባላውን ከእጃቸው ወሰደች። ቆርቆሮውን አጋደመችና በባላው እየገፋች ወደ አፉ ወሰደቻት። እፉኝቷ ተነፋች፤ ከመጠኗ የሚበልጥ ትንፋሽ አወጣች፤ ሁለት ጊዜ እንጨቱን መታች። ከዚያ ጨለማውን መርጣ ገባች። እትየ ጥሩ ክዳኑን በድንጋይ ተጭና ቁጭ አለችና ላቧን ጠረገች።

«ያረገዘች ናት» አለች።

«በምን አወቅሽ?» አሉ የኔታ።

«ሥራዬ አይደል?»

ከየኔታ ጎጆ ጀርባ አንገቱ የተሰበረ ጋን ነበር። አሸዋና ድንጋይ ጨመሩበት፣ በገል ውኃ አስቀመጡላት፤ አፉን በሽቦ ወንፊት ከድነው ዙሪያውን ድንጋይ ጫኑበት። በየቀኑ ከንባብ በኋላ የኔታ ቀሚሴን ከኋላ ጨብጠው፣ ከአንድ ክንድ በላይ እንዳልጠጋ አድርገው ጋኑን ያስመለክቱኛል።

«ምን ታደርጋለች?»

«ተኝታለች፣ የኔታ።»

«ሆዷስ?»

«ትናንት ካየሁት ሰፍቷል።»

የቀበሌው ጥበቃ አንድ ቀን አልፎ ሲሄድ ጋኑን አየና «የኔታ፣ ጠላ ጠምቀው ነው?» አላቸው። «የሚጠጣ አይደለም» አሉት፤ ሄደ።

ሳምንታት አለፉ። እፉኝቷ አትበላም። መጀመሪያ እጠላት ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን አሳዘነችኝ። ቀኗ እየቀረበ መሆኑን ምንም የማታውቅ ይመስለኝ ነበር። ቤት ስመለስ እናቴ እግሯ አብጦ ባልዲ ላይ አስቀምጣው አገኛታለሁ። ሁለቱንም በአንድ ዓይን ነበር የማየው።

አንድ ቀን የኔታ ቀሚሴን እንደያዙ «ብትሞትስ?» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«የተማርሁት ትክክል ሊሆን ይችላል» አሉ። «ከሆነም እናትሽ እናትሽ ናት፣ ይቺም ይቺ ናት። ይህን መጀመሪያ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ግን አሁን ለአንቺ ብቻ ብዬ አይደለም። እኔም ማወቅ ፈልጌያለሁ። ሃምሳ ዓመት ያህል ተናግሬዋለሁ።»

በግንቦት መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ወንፊቱ ላይ ጎንበስ ስል አሸዋው የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን ውስጥ የተጠቀለሉ ትንንሽ ነገሮች አሸዋው ላይ ተበትነዋል። አንዱ በአፍንጫው ልጣጩን ገፍቶ ብቅ አለ፤ የጫማ ክር ያህላል። ቀለሙና ዝንጉርጉሩ የእናቱ ነው። ሌላው ቀድሞ ወጥቶ ከድንጋዩ ሥር ተጋድሟል። እናታቸው ጥግ ላይ፣ ቆዳዋ ተሸብሽቦ፣ ሆዷ ከአሸዋው ጋር ተጣብቆ ተዘርግታለች። አትንቀሳቀስም።

«ሞታለች» አልሁ። ማልቀስ ጀመርሁ። «የኔታ፣ ሞታለች።»

ቀሚሴን የያዘው እጃቸው ጠበቀ። «ዝም በይ። ዕይልኝ። ጎኗ ተቀዷል?»

«አላውቅም።»

«አታልቅሺ፣ ዕይው። ከራሷ ጀምሪ። ደም አለ?»

እንባዬን ጠርጌ አየሁ። ከራሷ እስከ ጅራቷ አየሁ። «ደም የለም። እርጥበት ብቻ ነው። ቀዳዳ አላየሁም።»

የኔታ ከአጥሩ ረጅም የሣር አገዳ ነቅለው ሰጡኝ። በወንፊቱ ቀዳዳ አስገብቼ ጀርባዋን ነካ አደረግሁ። አልተንቀሳቀሰችም። እንደገና ነካሁ። ያን ጊዜ የተሸበሸበው ጎኗ አየር ስቦ ቀስ ብሎ ተነፋ፤ ያው ከመጠኗ የሚበልጥ ትንፋሽ ከጋኑ ወጣ። የኔታም ሰሙት።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«እትየ ጥሩን ጥሪ» አሉ። «አንድ ምስክር አይበቃም።»

እትየ ጥሩ መጥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ብዙ ጊዜ አየች። «አሥራ አንድ ናቸው» አለች። «እናቲቱም ደህና ናት። የወጡት ሁሉም በሚወጣበት ነው።»

የኔታ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጥምጣማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ያለ ጥምጣም አይቻቸው አላውቅም ነበር። ራሳቸው ትንሽና ነጭ ነው። ያዘኑ መስሎኝ ትከሻቸውን ነካሁ።

«አሁን አየሁ» አሉ።

ከዚያ የቀረው ጥያቄ አሥራ ሁለት እፉኝት ምን ይደረጋል የሚለው ነበር። እትየ ጥሩ ስትመጣ ማሰሮ የፈላ ውኃ ይዛ ነው የመጣች፤ ከአጥሩ ሥር አስቀምጣዋለች። እንፋሎቱ ይታያል። የኔታ የክዳኑን ድምፅ ሳይሰሙ አልቀሩም።

«ፍርዱ ያንቺ ነው» አሏት። «ጣትሽን የወሰደች እሷ ናት። እኔ ምንም አልልም።»

እትየ ጥሩ ማሰሮውን አንሥታ ጋኑ ድረስ መጣች። ቆመች። እኔ ትንንሾቹን እያየሁ ነበር፤ አንዱ የእናቱን ጀርባ ተሻግሮ ከአንገቷ ሥር ገብቷል። እትየ ጥሩም አየችው። ከዚያ ዞር ብላ ውኃውን ከሾላው ሥር ደፋችው።

«አራስ ናት» አለች። «እኔ አራስ አልገድልም።»

በማግስቱ ጋኑን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ከኮረብታው ጀርባ፣ ማንም ሣር ከማያጭድበት ገደል አፋፍ ወስደው አጋደሙት።

ሰኞ ዕለት የኔታ ልጆቹን ሁሉ አስቀምጠው ቆሙ። ሁልጊዜ ተቀምጠው ነበር የሚያስተምሩ። «ስለ እፉኝት የነገርኋችሁ ልክ አይደለም» አሉ። «ልጆቿ አይገድሏትም። ሰብለ አይታለች፣ እትየ ጥሩም አይታለች። እኔ ሳላይ ነበር የምናገር። ቤታችሁ ስትገቡ ይህንኑ ለወላጆቻችሁ ንገሩ።»

አንድ ልጅ «ታዲያ መጽሐፉ ዋሽቷል?» አላቸው።

የኔታ አሰቡ። «መጽሐፉ ስለ ክፉ ልጆች ሊናገር ፈልጎ ነው» አሉ። «እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።» ከዚያ ተቀመጡና ካቆምንበት ንባብ ጀመርን።

ወንድሜ የተወለደው ሰኔ ውስጥ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ዝናብ እያካፋ። እናቴ ምጥ ሲይዛት እትየ ጥሩ እኔን ወደ ደጅ አወጣችኝ። የኔታ እንዴት እንደሰሙ አላውቅም፤ ብቻቸውን በበትራቸው መንገዱን እየዳበሱ መጥተው ደፉ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ። አልጸለዩም፣ አላጽናኑኝም። ጋቢያቸውን ከፍተው ግማሹን እኔ ላይ ጣሉት። እናቴ ስትጮህ እጃቸውን እይዛለሁ። እልልታው ሲሰማ ሁለታችንም ሳናስበው ተነሣን።

እትየ ጥሩ በሩን ከፍታ «ነይ ግቢ» አለችኝ።

እናቴ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ደክሟታል፤ ግን ስገባ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም። ልጁ ደረቷ ላይ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቀይ፣ የተቆጣ ትንሽ ሽማግሌ መስሎ ተኝቷል። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ማንንም ሳላስፈቅድ ሌባ ጣቴን ወደ አፉ አስገባሁ፤ ከላይ በኩል ዳሰስሁ፣ ከታች በኩል ዳሰስሁ። ለስላሳና ሞቃት ነው። አፉን ገጥሞ ጣቴን መጥባት ጀመረ፤ ያን ያህል ጉልበት ይኖረዋል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» አለች እናቴ።

«ጥርስ።»

አልሳቀችም። «አገኘሽ?»

«የለውም።»

«ሌላስ ማየት የምትፈልጊው አለ?»

ወደ ጎኗ አየሁ። እናቴ ልጁን በአንድ ክንዷ አቀፈችና በሌላው እጇ ጋቢዋን ከጎኗ ገለጠች። እስክጨርስ ድረስ እንድመለከት ፈቀደችልኝ።